ከነገ ዘመን የተመለከተው ትናንት፦ "ክራምብስ" ፊልም እና የድሬዳዋ አሮጌ ሐዲድ

የድሬዳዋን አሮጌ ባቡር ጣቢያ የሚያውቅ ሰው አንድ ዘመን ሲያልፍ ምን ትቶ እንደሚሄድ ለመገመት አይቸገርም። ሐዲዱ፣ የቆሙት ፉርጎዎች እና የጥገና ክፍሉ ማሽኖች የትናንቱን ጉዞ ያስታውሳሉ። "ዛሬ የምንገለገልባቸውን ዕቃዎች የነገ ሰው ሲያገኛቸው ምን ይላቸው ይኾን?" የሚለውን ጥያቄ አንስቶ በአማርኛ የተሠራ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልምም አለ። ስሙ "ክራምብስ" ነው፤ ፍርፋሪ እንደማለት ነው።

ፊልሙን ጽፎ ያዘጋጀው ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ሲኾን፣ ዋና ተዋንያኑ ዳንኤል ታደሰ እና ሰላም ተስፋዬ ናቸው። በጥር ወር 2007 ዓ.ም በኔዘርላንድስ በሚካሄደው የሮተርዳም ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ለዕይታ ቀርቧል። ርዝመቱ ከ70 ደቂቃ አይበልጥም። ከዓመታት በኋላም የሳይንስ ልብ ወለድ ወዳጆች በፍቅር ያስታውሱታል።

ታሪኩ የሚጀምረው ታላቅ ጥፋት ካለፈ በኋላ ነው። የሰው ልጅ ቁጥር ተመናምኗል፤ አንድ የጠፈር መርከብም ለዓመታት ሰማይ ላይ እንደቆመ ቀርቷል። ጥንዶቹ ካንዲ እና በርዲ በተተወ የቦውሊንግ መጫወቻ ቤት ይኖራሉ። አንድ ቀን የመጫወቻው ማሽን በራሱ ይንቀሳቀሳል። ካንዲም መርከቡ መነሳቱ ነው ብሎ ያምናል። ከሌላ ዓለም እንደመጣ ስለሚያስብም ወደ አገሩ የሚመለስበትን መንገድ ለመጠየቅ ረጅም ጉዞ ይጀምራል።

ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለው ፊልም ውድ ስቱዲዮ እና በኮምፒዩተር የተቀነባበረ ምስል ይፈልጋል። "ክራምብስ" ግን ሌላ ዓለም ለማሳየት ከኢትዮጵያ አልወጣም። ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የሚገኘው የአፋሩ ዳሎል፣ በቢጫ እና በአረንጓዴ ማዕድናቱ፣ በጨው ምድሩ እና ሰው በተለያቸው ፍርስራሾቹ ለፊልሙ የነገ ዓለም ኾኖለታል።

የፊልሙ ልብ ግን ያለው በዕቃዎቹ ላይ ነው። የፕላስቲክ መጫወቻ እንደ ክታብ ይከበራል፤ የማይክል ጃክሰን የሙዚቃ ሸክላ እንደ ውድ ቅርስ ይቆጠራል፤ በርዲ ደግሞ በቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ማይክል ጆርዳን ምስል ፊት ትጸልያለች። ተመልካቹ ይስቃል። ቆይቶ ግን ሳቁ ወደ ራሱ ይዞራል፤ ዕቃው ከነጥቅሙ የሚያስረዳለት ሰው ካጣ፣ ወይ ጣዖት ወይ ቁራጭ ብረት ከመኾን አያመልጥምና።

ይህ ለገበሬውም ለከተሜውም እንግዳ ነገር አይደለም። በጓዳ ጥግ የቀረ አሮጌ ሞፈር እና ቀንበር፣ ያረሰበት አያት ካልነገረው፣ ለልጅ ልጁ ተራ እንጨት ነው። ድሬዳዋ ደግሞ ራሷ የሐዲድ ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር በ1895 ዓ.ም ሲደርስ ከተማዋ ተቆረቆረች፤ መስመሩ አዲስ አበባ የገባው ከ14 ዓመታት ገደማ በኋላ ነው። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ነበር። በ2009 ዓ.ም የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ ግን 1 ሺህ 435 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ስለዚህ የቀድሞዎቹ ባቡሮች በአዲሱ መስመር ሊሄዱ አይችሉም፤ አዲሱ ጣቢያም ከከተማዋ መሐል ወጣ ብሎ ተሠርቷል።

አዲሱ መስመር ለንግድ እና ለጉዞ የሚሰጠው ጥቅም ግልጽ ነው። የቀረው ጥያቄ የአሮጌው ትዝታ ዕጣ ነው። ማሽኑን ያንቀሳቀሱት፣ ሐዲዱን የጠገኑት እና ፊሽካውን የነፉት ሠራተኞች ዕድሜያቸው ገፍቷል። የእያንዳንዱ መሣሪያ ስም፣ አሠራር እና ታሪክ ከባለሙያዎቹ አንደበት ካልተመዘገበ፣ ብረቱ ቢቀር እንኳ ትርጉሙ ይጠፋል።

"ክራምብስ" እንዲወደድ ያደረገውም ይኸው ነው። ስለ ጠፈር መርከብ እያወራ የሚያሳስበን ስለምንጥለው እና ስለምናስቀምጠው ነገር ነው። የካንዲ ዘመን ሰዎች ስለ ዕቃዎቻቸው የሚጠይቁት አዋቂ አላገኙም። ድሬዳዋ ግን የሚጠየቁ አረጋውያን ዛሬም አሏት።