አሮጌ ካርታና የአባቶች አገር

በአገራችን ሰው ትውልዱን ሲጠየቅ የአባቱንና የአያቱን ስም ከጠራ በኋላ የተወለደበትን አገርና የተጠመቀበትን ደብር ይናገራል። ሽማግሌዎችም ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲቈጥሩ እገሌ እገሌን ወለደ በማለት ብቻ አይወሰኑም፤ እገሌ ከዚህ ወንዝ ማዶ ተቀመጠ፥ እገሊት ወደዚያ ጋራ ተዳረች እያሉ ስሙን ከመሬቱ ጋር አያይዘው ይቈጥራሉ። ስለዚህ የቤተሰቡን ታሪክ ለመጻፍ የሚያስብ ሰው የስም ዝርዝር ብቻ ቢይዝ ሥራው በእኩሌታ ቀረ ማለት ነው። ስሞቹ የተቀመጡበትን ምድር ለማግኘት የሚረዳ አንድ መሣሪያ አለ፤ እርሱም ተራራውንና ሸለቆውን፥ ወንዙንና መንገዱን፥ መንደሩንና ቤተ ክርስቲያኑን ለይቶ የሚያሳይ አሮጌ ካርታ ነው።

ስለ ኢትዮጵያ በቀደመው ዘመን የተሣሉት ካርታዎች አብዛኞቹ የውጭ አገር ሰዎች ሥራ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ስሞቹን የሰጠው የአገሩ ሰው፥ ይልቁንም ካህኑ ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት የቬኒሱ መነኵሴ ፍራ ማውሮ የዓለምን ካርታ ሲሥል፥ አውራጃዎቹንና ወንዞቹን በእጃቸው ሥለው ያሳዩት የዚሁ አገር መነኰሳት እንደ ነበሩ በካርታው ላይ ጽፏል። ኢዮብ ሉዶልፍም በኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1683 ዓመት ያሳተመው ካርታ ከመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ብዙ ትምህርት ያገኘበት ነው። ከእነዚህ በኋላ ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ከ1830 እስከ 1840 ዓ.ም. ድረስ በአገራችን ሲዘዋወር፥ ከተራራ ወደ ተራራ እየወጣ የማዕዘን መለኪያውን እየተከለ በዙሪያው የሚታየውን ጫፍ ሁሉ ለካ፤ የእያንዳንዱንም ስም ከአገሩ ሰው እየጠየቀ መዘገበ። እርሱ የአማርኛ መዝገበ ቃላት እስከ መጻፍ የደረሰ ሰው ስለ ነበረ የስሞቹ አጻጻፍ ከብዙዎቹ ተጓዦች ይልቅ የታመነ ነው።

ለቤተሰብ ታሪክ ግን ይበልጥ የሚጠቅመው ከዚህ በኋላ የመጣው ሥራ ነው። የኢጣልያ ጦር ለወረራው ሲዘጋጅና አገሩንም ይዞ በቆየበት ጊዜ ብዙ ካርታ አሳትሟል። ከዚህም ሌላ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በአውሮፕላን ሆኖ የአገሩን ፎቶግራፍ አንሥቷል። እነዚህ ፎቶግራፎች በሰሌዳ ላይ ተለጥፈው በካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት ሳይታወሱ ብዙ ዘመን ከቆዩ በኋላ፥ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲና በቤልጅግ አገር ያለው የጌንት ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከ8,000 የሚበልጡትን ሰሌዳዎች አውጥተው ለምርመራ አብቅተዋቸዋል። ያነሣቸው ሰው ያሰበው የቦምብ መጣያና የጦር ማለፊያ ቦታን ነበር፤ ዛሬ ግን የልጅ ልጆቹ የአያቶቻቸውን እርሻ፥ አጥርና የእግር መንገድ ያዩባቸዋል። ክፉ አሳብ የወለደውን ሥራ ለመልካም ነገር ማዋል ነውር የለበትም።

ከነጻነት በኋላ በ1940ዎቹ መጨረሻ መንግሥት የራሱን የካርታ መሥሪያ ቤት አቋቋመ፤ ይህም ስሙ በየጊዜው ሲለዋወጥ ቆይቶ ሥራው አሁን በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሥር ይገኛል። መሥሪያ ቤቱ ከአየር ፎቶግራፍ ካዘጋጃቸው ካርታዎች መካከል ለዚህ ነገር የተመረጠው 1:50,000 የሚባለው ነው። በእርሱ ላይ አንድ ሣንቲ ሜትር በምድር ላይ 500 ሜትር ነው፤ አንዱ ቅጠል ካርታ በየጎኑ 27 ኪሎ ሜትር ያህል አገር ይይዛል። አንድ ሰው ማልዶ ተነሥቶ እስኪመሽ በእግሩ የሚሄደው አገር በአንድ ቅጠል ላይ ይገኛል ማለት ነው፤ የቀድሞ ሰው ጋብቻውም፥ ገበያውም፥ ሙግቱም አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ክልል አይወጣም ነበር።

አሁን ሥራው እንዴት እንደሚጀመር እንናገር። መጀመሪያ የሚፈለገው ደብሩ ነው። በ1:50,000 ካርታ ቤተ ክርስቲያን የራሱ ምልክት አለው፤ በአየር ፎቶግራፍ ላይ ደግሞ አጸዱ ቤተ ክርስቲያኑን ከቦ በመራቆት ላይ ባለው ሜዳ መካከል እንደ ጥቁር ነጥብ ጐልቶ ይታያል። ነገር ግን በአንድ ቅጠል ላይ ሦስት ጊዮርጊስና አራት ማርያም ቢገኙ አያስደንቅም። ያን ጊዜ የሽማግሌው ቃል ይረዳል። ቅድመ አያታችን ከጊዮርጊስ በታች፥ ሁለቱ ወንዞች ከሚገናኙበት በላይ፥ ፀሐይ ዘግይታ በምትገባበት አፋፍ ላይ ይኖር ነበር ያለ እንደ ሆነ፥ ሦስቱን ጊዮርጊስ በተራ መመርመር ነው። ወንዞች የሚገናኙት ከየትኛው በታች ነው? በስተ ምሥራቅ ገደል ያለበት፥ በስተ ምዕራብ ግን ክፍት የሆነው አፋፍ የትኛው ነው? የከፍታው መስመሮች ተጠጋግተው የተሣሉበት ገደል ነው፤ ተራርቀው የተሣሉበት ሜዳ ነው። ይህን ማንበብ የለመደ ሰው ሁለቱን በአንድ ሰዓት ውስጥ ጥሎ አንዱን ይይዛል። የግማሽ ቀን መንገድ የተባለውን ግን በማስመሪያ ብቻ መለካት አይገባም፤ ቆላ ወርዶ ደጋ የሚወጣ መንገድ በካርታ አጭር፥ በእግር ረጅም ነው።

በርስት አገር ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። በጎጃምና በሌላውም የሰሜን ክፍል ርስት የሚጠየቀው ከመጀመሪያው ባለ መሬት፥ በጎጃም ዋና አባት ከሚባለው፥ በአባትም በእናትም በኩል በመቈጠር ነበር። የ1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ካደረገ ጀምሮ ይህ ሙግት ቀርቷል፤ ሙግቱ ሲቀር ደግሞ ትውልድ የመቈጠሩ ልማድ እየደከመ ሄደ፤ ጥቅም የሌለውን ነገር በቃል የሚይዝ ጥቂት ነውና። ሆኖም ዋና አባት የተባለው ሰው ስም በጉብታ፥ በመስክ ወይም በመንደር ላይ ተጽፎ በካርታው ቀርቶ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ቈጠራውን የያዘ ሽማግሌና ካርታውን የያዘ ወጣት አንድ ላይ ቢቀመጡ፥ ሁለቱም ለየብቻቸው የማያውቁትን ያውቃሉ።

ይሁን እንጂ ካርታ ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም። ስሙ የተጻፈው በባዕድ ፊደል ሲሆን ይልቁንም መጠንቀቅ ይገባል። ኢጣልያኖች ወልዲያን ኡኦልዲያ በሚያሰኝ አጻጻፍ ይጽፉ ነበር፤ ቀና ከ፥ ጠና ተ በፊደላቸው አይለዩም፤ ስለዚህ ቆላ ይሁን ኮላ፥ ጣና ይሁን ታና ከጽሕፈቱ ብቻ ማወቅ አይቻልም። ስሙ የተሳሳተ ቦታ ላይ ሲጻፍ ምን እንደሚያስከትል ደግሞ ከዓድዋ የበለጠ አስረጅ የለም። ለየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ውጊያ ጀኔራል ባራቲየሪ ለጦር አዛዦቹ በሰጠው ንድፍ ላይ ኪዳነ ምሕረት ተብሎ የተጻፈው ኮረብታ እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት አልነበረም። ጀኔራል አልቤርቶኔ በንድፉ ከተመለከተው ኮረብታ ከደረሰ በኋላ፥ መንገድ መሪዎቹ እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት ገና ወደ ፊት እንደ ሆነ ነገሩት። እርሱም ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ፊት ገፍቶ ከጓደኞቹ ተለየ፤ ብርጌዱም በኢትዮጵያ ጦር ተከቦ ተደመሰሰ። የድሉ ምክንያት ይህ ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር የአባቶቻችንን ጀግንነት ያሳንሳል፤ ነገር ግን የደብሩን ስፍራ በትክክል ያወቀው የአገሩ ሰው እንጂ ካርታው አለመሆኑ የታወቀ ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የዘመኑ ነገር ነው። በካርታው ግርጌ የታተመበት ዓመት ይጻፋል፤ ፎቶግራፉ የተነሣበት ዓመት ግን ከዚያ ብዙ ዓመት ሊቀድም ይችላል። ስለዚህ በካርታው ላይ ያለው ቤት በኅትመቱ ዓመት ፈርሶ እንደ ነበረ ሊገኝ ይችላል። ሦስተኛውም፥ የቀድሞዎቹ ካርታዎች የምድርን ልክ የሚቈጥሩት በኑብያ ካለው አዲንዳን ከሚባለው ጣቢያ ተነሥተው ነው፤ የዛሬው የእጅ ስልክ ግን በሌላ ልክ ይቈጥራል። ከአሮጌው ካርታ የተነበበውን ቍጥር ሳይለውጥ በስልኩ የሚከተል ሰው 200 ሜትር ያህል ስቶ ይቆማል። የአያቱን የመቃብር ቦታ ለሚፈልግ ሰው 200 ሜትር ትንሽ አይደለም።

ይህን ሁሉ መናገራችን አሮጌው ካርታ የሚያሳየው ብዙው ነገር በምድር ላይ ስለሌለ ነው። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሲፈጸም የአዋሽ ሜዳ ውሃ ለበሰ፤ በፊንጫም እንዲሁ ሆነ። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ በመጀመሪያ በሐረርጌ፥ ቀጥሎም በሌሎች ክፍላተ አገር በተደረገው የመንደር ምሥረታ ተራርቆ ይኖር የነበረው ገበሬ ቤቱን አፍርሶ በመስመር ወደ ተሠራው መንደር ገባ። በ1982 ዓ.ም. የመንግሥቱ መመሪያ ሲለወጥ ብዙው ወደ ቀድሞ ስፍራው ተመለሰ፤ ያልተመለሰውም አለ፤ የተመለሰውም በአሮጌው ምድጃ ላይ አልተመለሰም። ከዚያ በፊት በተነሣ ፎቶግራፍ የተዘጋጀው ካርታ እያንዳንዱን ጐጆ በጥቁር ነጥብ ይዞታል። ነጥቡ ግን ስም የለውም። የማን ቤት እንደ ነበረ የሚያውቀው ያን ጊዜ ልጅ የነበረ፥ ዛሬ ሽማግሌ የሆነ ሰው ነው፤ እርሱም በዓመት በዓመቱ ቍጥሩ እየጐደለ የሚሄድ ነው።

ይህ ሥራ ታላቅ ገንዘብ አይጠይቅም። የወረዳ ሹም የወረዳውን ካርታ ቅጂ አስመጥቶ ለየደብሩ አስተዳዳሪ ቢያደርስ፥ የደብሩም ጸሐፊ ከበዓል ቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎችንና ባልቴቶችን አስቀምጦ ቢጠይቅ ብዙ ይገኛል። ባልቴቶችን ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከሌላ ደብር የተዳረች ሴት የሁለት አገር ስም ታውቃለች፤ ውሃ የሚቀዳበትን ምንጭና እንጨት የሚለቀምበትን ጥሻ ከባልዋ ይልቅ ለይታ ትጠራለች። የተገኘውንም በካርታው ላይ ቍጥር እየሰጡ፥ ስሙን በግዕዝ ፊደል፥ የተናገረውን ሰው፥ የተነገረበትንም ቀን በሌላ ወረቀት መጻፍ ነው። ሁለት ሰዎች የተለያየ ስም ቢናገሩ አንዱን መሠረዝ አይገባም፤ ሁለቱም ይጻፉ። አንዱ ቅጂ በደብሩ ዕቃ ቤት፥ ሌላው በወረዳው መዝገብ ቤት ይቀመጥ፤ የመጀመሪያው ቅጠል ካርታ ግን እስክሪፕቶ እንዳይነካው ይጠበቅ።