«ልኬያለሁ» ሲሏችሁ መዝገቡን እንዴት ትጠይቃላችሁ? የብሎክቼይን መረጃን በኤፒአይ ማንበብ

እንበልና ለአንድ ደንበኛ ድረ ገጽ ሠራችሁለት። ክፍያው 300 ዩኤስዲቲ ነው። ዩኤስዲቲ ማለት ዋጋው ከአሜሪካ ዶላር ጋር እኩል እንዲሆን ታስቦ የሚወጣ ዲጂታል ገንዘብ ነው። ደንበኛው በቴሌግራም የስክሪን ፎቶ ላከና «ልኬያለሁ፤ በሉ ኮዱን ላኩልኝ» አለ። ፎቶው ላይ አረንጓዴ ምልክት አለ፣ መጠኑ አለ፣ የእናንተም አድራሻ አለ። ኮዱን ትልኩለታላችሁ?

እንዲህ ያለ ፎቶ በጥቂት ደቂቃ ተቀናብሮ ሊሠራ ይችላል። ደግነቱ ፎቶውን ማመን አያስፈልጋችሁም። እንደ ኢቴሪየም ባለ ክፍት ብሎክቼይን ላይ የተመዘገበን ዝውውር ማንም ሰው ራሱ ጠይቆ ማየት ይችላል። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። መዝገቡ የሚመልሰው የጠየቃችሁትን ብቻ ነው። ጥያቄው ከተሳሳተ፣ ትክክለኛ መልስ አግኝታችሁም ልትታለሉ ትችላላችሁ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ኢቴሪየምን እንደ ምሳሌ ይዘን፣ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ እናያለን።

ለመሆኑ የምንጠይቀው ማንን ነው?

መዝገብ ቤት ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? መስኮቱ ጋ ቆማችሁ የፋይል ቁጥር ጽፋችሁ ትሰጣላችሁ፤ ሠራተኛው ፋይሉን ፈልጎ የጠየቃችሁትን ይነግራችኋል። መደርደሪያው ጋ ራሳችሁ አትገቡም። ኤፒአይ ማለት እንደዚህ ያለ መስኮት ነው። አንድ ፕሮግራም ሌላውን ምን መጠየቅ እንደሚችል፣ ጥያቄው እንዴት እንደሚጻፍና መልሱ በምን መልክ እንደሚመጣ ቀድሞ የተወሰነበት ስምምነት ነው።

የብሎክቼይን ልዩነቱ የመዝገቡ ቅጂ አንድ ቢሮ ውስጥ ብቻ አለመቀመጡ ነው። በዓለም ዙሪያ ያሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ቅጂውን ይይዛሉ። እነዚህ ኮምፒውተሮች ኖድ ይባላሉ፤ እያንዳንዱ ኖድም የራሱን መስኮት መክፈት ይችላል። ኢቴሪየም ላይ ጥያቄና መልስ የሚለዋወጡበት ቋንቋ ጄሰን-አርፒሲ ይባላል። የጥያቄውን ስምና ዝርዝሩን በአጭር ጽሑፍ ትልካላችሁ፣ መልሱም በጽሑፍ ይመጣል።

የራሳችሁን ኖድ ማስኬድ ትችላላችሁ። ግን ትልቅና ፈጣን ዲስክ፣ የማይቆራረጥ ኢንተርኔትም ይፈልጋል። ስለዚህ ብዙ ሰው ኖዶችን የሚያስተዳድሩ ድርጅቶችን መስኮት ይጠቀማል። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ሒሳቡ ውስጥ ስንት አለ?

የመጀመሪያው ጥያቄ «ጌት-ባላንስ» ነው። ሁለት ነገር ትነግሩታላችሁ፦ አድራሻውንና «በየትኛው ብሎክ ላይ?» የሚለውን። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። የአንድ አድራሻ ሒሳብ በየብሎኩ ሊለዋወጥ ስለሚችል፣ ጊዜ ያልተጠቀሰበት ጥያቄ ሙሉ ጥያቄ አይደለም።

መልሱ የሚመጣው በኢተር ሳይሆን በዌይ ነው። 1 ኢተር ማለት 1,000,000,000,000,000,000 ዌይ ነው፤ ከ1 በኋላ 18 ዜሮ። በዚያ ላይ ቁጥሩ የሚጻፈው እኛ በለመድነው በ10 መሠረት ሳይሆን በ16 መሠረት ነው።

እዚህ ጋ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው አንድ ወጥመድ ይጠብቀዋል። ጃቫስክሪፕት በተራ የቁጥር ዓይነቱ ሙሉ ቁጥሮችን ሳያዛባ የሚይዘው እስከ 9,007,199,254,740,991 ድረስ ነው። ትልቅ ይመስላል፣ አይደል? በዌይ ሲታሰብ ግን 0.009 ኢተር ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ የበለጠ ሒሳብ በተራ ቁጥር ከተያዘ የመጨረሻዎቹ አሃዞች ዝም ብለው ሊዛቡ ይችላሉ፤ ፕሮግራሙም ምንም የስህተት መልእክት አያሳይም። መፍትሔው ለትልልቅ ቁጥሮች የተሠራውን ቢግኢንት የሚባለውን ዓይነት መጠቀም ነው።

ታዲያ ዩኤስዲቲው የት አለ?

ደንበኛው ላክሁ ያለው ኢተር ሳይሆን ዩኤስዲቲ ነው። በ«ጌት-ባላንስ» ብትጠይቁ 300ውን አታዩትም። ይህ ማለት ግን ገንዘቡ አልመጣም ማለት አይደለም። ጥያቄው የሚመለከተው ኢተርን ብቻ ስለሆነ ነው።

ዩኤስዲቲ የሚመዘገበው ስማርት ኮንትራት ውስጥ ነው፤ ብሎክቼይኑ ላይ የተቀመጠ ፕሮግራም ማለት ነው። ኮንትራቱ የራሱ ደብተር አለው፤ ይህኛው አድራሻ ይህን ያህል፣ ያኛው ያን ያህል እያለ ይመዘግባል። ስለዚህ የምትጠይቁት ኮንትራቱን ነው። የጥያቄው ስም «ባላንስ-ኦፍ» ሲሆን የሚላከው ለማንበብ ብቻ በሚያገለግለው «ኮል» በሚባለው መንገድ ነው። መዝገቡ ላይ ምንም ስለማይለውጥ የጋዝ ክፍያ፣ ማለትም ኔትወርኩ ለሥራው የሚያስከፍለው ሒሳብ፣ የለውም።

ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ኢቴሪየም ላይ ያለው ዩኤስዲቲ የአስርዮሽ ቦታው 18 ሳይሆን 6 ነው። 300 ዩኤስዲቲ 300,000,000 ሆኖ ይመጣል። የኢተርን ልማድ ይዛችሁ ካካፈላችሁት 0.0000000003 ይሆንና «ምንም አልገባም» ትላላችሁ።

ሁለተኛ፣ ኮንትራት ማንም ሰው ጽፎ መጫን ይችላል፤ ስሙንም «ዩኤስዲቲ» ማለት ይችላል። ስም የሚከለክለው የለም። እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚለየው የኮንትራቱ አድራሻ ነው። እሱን ደግሞ ከደንበኛው ሳይሆን ገንዘቡን ከሚያወጣው ከቴተር ገጽ ውሰዱ።

ሦስተኛ፣ ዩኤስዲቲ ያለው ኢቴሪየም ላይ ብቻ አይደለም። ትሮን የሚባለው ብሎክቼይን ላይም በሰፊው ይዘዋወራል። የኢቴሪየም ኖድ ትሮን ላይ የተላከን ገንዘብ አያውቅም። ስለዚህ ሥራውን ስትጀምሩ «በየትኛው ኔትወርክ ነው የምትከፍለኝ?» ብላችሁ ተስማሙ።

«ተልኳል» ሌላ፣ «ተሳክቷል» ሌላ

እያንዳንዱ ዝውውር ሃሽ የሚባል መለያ አለው። በ16 መሠረት ሲጻፍ 64 አሃዝ ይሆናል። ደንበኛውን ከፎቶው ይልቅ ይህን ጠይቁት። በአንድ ሃሽ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ማቅረብ ይቻላል።

አንደኛው «ጌት-ትራንዛክሽን» የሚመልሰው ላኪው ያዘዘውን ነው፦ ከማን፣ ለማን፣ ስንት፣ በምን ያህል ክፍያ። ትእዛዙ ገና ብሎክ ውስጥ ሳይገባ፣ ወረፋ ላይ እያለም መልስ ሊመጣ ይችላል፤ ያኔ የብሎክ ቁጥሩ ቦታ ባዶ ይሆናል። ወረፋ ላይ ያለን ትእዛዝ ላኪው ከፍ ያለ ክፍያ ባለው ሌላ ትእዛዝ ሊተካው ይችላል። ስለዚህ ይህ መልስ ብቻውን አያስተማምንም።

ሁለተኛው «ጌት-ትራንዛክሽን-ሪሲት» ነው፤ ደረሰኝ ማለት ነው። ደረሰኙ የሚኖረው ዝውውሩ ብሎክ ውስጥ ከገባ በኋላ ብቻ ነው። እሱ ላይ «ስታተስ» የሚል ቦታ አለ፦ 1 ከሆነ ተሳክቷል፣ 0 ከሆነ ከሽፏል። የከሸፈ ዝውውርም መዝገቡ ላይ ይቀመጣል፤ ላኪውም የጋዝ ክፍያ ይከፍላል። ገንዘቡ ግን ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ሃሹ ተገኘ ማለት ክፍያው ተሳካ ማለት አይደለም።

እስቲ የታሪክ ምሳሌ እንይ። ኢቴሪየም ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2015 ነው። ተጠቃሚ የላከው የመጀመሪያው ዝውውር ከቀናት በኋላ በብሎክ ቁጥር 46,147 ላይ ተመዘገበ። የዚያን ዘመን ታሪክ የያዘ ኖድ ብትጠይቁ፣ የተላከው 31,337 ዌይ ብቻ መሆኑን ታያላችሁ፤ በማንኛውም ገንዘብ ቢመነዘር ሳንቲም የማይሞላ ነው። የጋዝ ክፍያውን ደግሞ ራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ፦ ለተራ ዝውውር የሚያስፈልገው 21,000 ጋዝ፣ በጊዜው በቀረበው የ50,000,000,000,000 ዌይ ዋጋ ሲባዛ 1.05 ኢተር ይመጣል። የተላከውና ለመላኪያ የተከፈለው እንዲህ የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። የትኛውን ቦታ እያነበባችሁ እንደሆነ ማወቅ ያለባችሁ ለዚህ ነው።

ወደ ዩኤስዲቲው እንመለስ። በተለመደው የዩኤስዲቲ ዝውውር «ለማን» የሚለው ቦታ ላይ የእናንተን አድራሻ አታገኙም። እዚያ ያለው የኮንትራቱ አድራሻ ነው፤ የኢተሩ መጠንም 0 ነው። ብዙ ጀማሪ እዚህ ጋ ይደነግጣል። እውነተኛው ተቀባይና መጠኑ ያሉት ደረሰኙ ውስጥ፣ «ሎግ» በሚባለው ክፍል፣ «ትራንስፈር» በሚል ስም ነው። እዚያ ውስጥ ላኪውን፣ ተቀባዩንና መጠኑን፣ ማስታወሻውን የጻፈውን ኮንትራት አድራሻም ታገኛላችሁ።

መቼ ነው ያለቀለት የሚባለው?

ብሎክ ውስጥ መግባትም የመጨረሻው አይደለም። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 15 ቀን 2022 ጀምሮ ኢቴሪየም በየ12 ሰከንዱ ለአንድ ብሎክ ተራ ይሰጣል። በጣም ቅርብ የሆነ ብሎክ ግን አልፎ አልፎ ተትቶ በሌላ ሊተካ ይችላል። ስለዚህ ኤፒአዩ ላይ ሦስት የጊዜ ቃላት አሉ። «ላተስት» ማለት አሁን የታየው የመጨረሻው ብሎክ፣ «ሴፍ» ማለት ይቀየራል ተብሎ የማይጠበቅ፣ «ፋይናላይዝድ» ማለት ደግሞ ጸንቶ የተዘጋ ማለት ነው።

32 ተራዎች አንድ ዙር ይባላሉ፤ 32 በ12 ሲባዛ 384 ሰከንድ፣ ማለትም 6.4 ደቂቃ ነው። አንድ ብሎክ በተለመደው ሁኔታ ለመጽናት ሁለት ዙር ያህል፣ 13 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። ለአንድ ማኪያቶ ይህን ያህል መጠበቅ አያስፈልግም ይሆናል፤ የወር ድካማችሁን ለምታስረክቡበት ሥራ ግን 13 ደቂቃ ብዙ አይደለም።

መስኮቱ ላይ የማይመለሱ ጥያቄዎች

«የዚህን አድራሻ ዝውውሮች በሙሉ ዘርዝርልኝ» የሚለው ቀላል ጥያቄ ይመስላል። የኖዱ መደበኛ መስኮት ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ የለውም። መዝገቡ የተደረደረው በብሎክ ቅደም ተከተል እንጂ በሰው ስም አይደለም። እንደ ኢተርስካን ያሉ ገጾች ዝርዝሩን የሚያሳዩን ብሎኮቹን አንብበው የራሳቸውን ማውጫ ስላዘጋጁ ነው። ጠቃሚ ነው፤ ግን የምታነቡት መዝገቡን ራሱን ሳይሆን የነሱን ማውጫ መሆኑን እወቁ።

«ከዓመት በፊት ሒሳቤ ስንት ነበር?» የሚለውም እንዲሁ ነው። ብዙ የሚሠራበት ጌዝ የተባለው የኖድ ሶፍትዌር በተለመደው አሠራሩ የሒሳቦችን ሁኔታ የሚይዘው ለመጨረሻዎቹ 128 ብሎኮች ነው፤ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ለድሮው አርካይቭ ኖድ የሚባለውን መጠየቅ ያስፈልጋል። እዚህ ጋ የሚመጣ «አልተገኘም» የሚል መልስ «ገንዘብ አልነበረም» ማለት አይደለም።

መስኮቱ ራሱ ቢሳሳትስ?

ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 2020 ኢንፉራ የተባለው ትልቅ የኖድ አገልግሎት ሰጪ ለሰዓታት ተስተጓጎለ። ምክንያቱ የቆየ የጌዝ ስሪት ላይ የነበረ ስህተት ነው። ስህተቱ በአዲሱ ስሪት ታርሞ የነበረ ቢሆንም፣ ሶፍትዌራቸውን ያላሳደሱ ኖዶች በዚያ ቀን ከቀሪው ኔትወርክ ተለዩ። ኢቴሪየም ራሱ አልቆመም። ግን በኢንፉራ መስኮት የሚያዩ ብዙ መተግበሪያዎች ትክክለኛውን መረጃ ማግኘት አልቻሉም፤ ባይናንስን የመሰሉ መገበያያዎችም ኢተር ማውጣትን ለጊዜው አቆሙ። መዝገቡ በሺዎች ቅጂ ቢኖረውም፣ ሁሉም ሰው በአንድ መስኮት ከጠየቀ የብዙ ቅጂ ጥቅሙ ይቀራል።

ቀላሉ መከላከያ አንድን ጥያቄ ለሁለት የተለያዩ አገልግሎት ሰጪዎች ማቅረብ ነው። መልሱ ካልገጠመ ጠብቁ። ጠበቅ ያለውን ለሚፈልግ ደግሞ «ጌት-ፕሩፍ» አለ፤ ሒሳቡን ከነሒሳባዊ ማረጋገጫው ይመልሳል። የብሎኩን ሃሽ ከሌላ ከምታምኑት ምንጭ ካገኛችሁ፣ መልሱ ከዚያ ብሎክ ጋር መስማማቱን በራሳችሁ ኮምፒውተር ማጣራት ትችላላችሁ።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ጥያቄ ስትልኩ አገልግሎት ሰጪው የኢንተርኔት አድራሻችሁንና የትኛውን ሒሳብ እንደጠየቃችሁ ማየት ይችላል። አድራሻችሁን የሰጣችሁት ደንበኛም ያለፈውንም የወደፊቱንም ዝውውራችሁን ማየት ይችላል። ስለዚህ ለሥራ የምትሰጡት አድራሻ ቁጠባችሁን ከምታስቀምጡበት የተለየ ቢሆን ይመረጣል።

እንግዲህ ለደንበኛው «ሃሹን ላክልኝ» በሉት። ከዚያ በተስማማችሁበት ኔትወርክ ደረሰኙን ጠይቁ። ስታተሱ 1 ነው? ሎጉን የጻፈው ኮንትራት የእውነተኛው ዩኤስዲቲ አድራሻ አለው? ተቀባዩ እናንተ ናችሁ? መጠኑ 300,000,000 ነው? ብሎኩ ፋይናላይዝድ ሆኗል? አምስቱም «አዎ» ከሆኑ ኮዱን ላኩለት። አንዱ እንኳ ከጎደለ «ትንሽ ልጠብቅ» ማለት ነውር የለውም።