ሲኒማ የመሰለ ፎቶ በይርጋጨፌ፦ አምስት ተረቶችና እውነታቸው

የቡና ለቀማ ሲደርስ ከዲላ እስከ ገደብ ባለው መንገድ ስልክ የማይደቀንበት ነገር የለም፤ ቀዩ እሸት፣ የማስጫው አልጋ፣ የማለዳው ጭጋግ። ፎቶው «እንደ ፊልም» እንዲሆን ሲፈለግ ግን ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚከፍተው የማሳመሪያ መተግበሪያ ነው። ፊልም ቀራጮች ከሁሉ በፊት የሚጨነቁት ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ነው። ጌዴኦ ውስጥ ደግሞ በብርሃን በኩል ችግር የለም፤ ችግሩ ስለ እሱ የምናምነው ነው።

ተረት 1፦ ውድ ካሜራ ከሌለ አይሆንም።

እውነታ፦ የአሜሪካዊው ሾን ቤከር ፊልም «ታንጀሪን» እ.ኤ.አ. በ2015 ለተመልካች የቀረበው ተጨማሪ ሌንስ በተገጠመለት አይፎን 5ኤስ ተቀርጾ ነው። የስልክ ዋነኛ ድክመት ሌላ ነው፤ ጥቁር የበዛበት ነገር ሲያይ ብርሃን ያነሰ መስሎት ሁሉንም ያነጣዋል። በእንሰት ጥላ የቆመች ሴት ፊቷ አመድ የሚመስለው ለዚህ ነው። ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ስክሪኑ ላይ ፊቷን ነካ ያድርጉና የብርሃን ምልክቱን ትንሽ ወደ ታች ይጎትቱ። የጠይም ቆዳ ወዝ የሚታየው ጥቁሩ ጥቁር ሆኖ ሲቀር ነው።

ተረት 2፦ ጥሩ ብርሃን ያለው ፀሐይ ስትጠልቅ ብቻ ነው።

እውነታ፦ ይርጋጨፌ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 6 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ ቁልቁል ነው የምትወርደው። በሰሜን አውሮፓ በጋ የሚንዘላዘለው ወርቃማ ብርሃን እዚህ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ያበቃል። ቀን 6 ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ አናት ትመታለች፤ በመጋቢት ማብቂያና በጳጉሜን መጀመሪያማ የሰው ጥላ እግሩ ሥር ይገባል። ያን ጊዜ ሜዳ ላይ የተነሳ ሰው ዓይኑ የጠፋ ይመስላል።

የጌዴኦ ገበሬ ግን መላውን ተክሎታል፤ ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከሥር እንሰትና ቡና። ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ከተመለከታቸው ነገሮች አንዱ ይህ ጥምር እርሻ ነው። ፊልም ሠሪዎች ፀሐይን ለማለዘብ ሰፊ ነጭ ጨርቅ ይወጥራሉ፤ እዚህ ቅጠሉና ደመናው ያንኑ ሥራ ይሠራሉ። የሚነሳውን ሰው ከጥላው ዳር ሁለት እርምጃ ያህል ወደ ውስጥ ያስገቡት፤ ፊቱን ወደ ገላጣው ያዙሩት። ከዚያ አልፎ ከገባ ከቅጠሉ የሚነጥረው ብርሃን ፊቱን አረንጓዴ ያስመስለዋል።

ተረት 3፦ ጀርባው ካልደበዘዘ ፊልም አይመስልም።

እውነታ፦ እ.ኤ.አ. በ1941 ለእይታ የበቃው «ሲቲዝን ኬን» በካሜራ ሥራው የታወቀው በተቃራኒው ነው፤ ግሬግ ቶላንድ ቅርቡንም ሩቁንም አጥርቶ ቀርጾታል። የስልኩ «ፖርትሬት ሞድ» ደግሞ ርቀቱን ገምቶ ስለሆነ የሚያደበዝዘው፣ የጀበናውን እጀታና የተተረተረውን የእንሰት ቅጠል ጠርዝ አብሮ ይበላል። ቡና የምታፈላ ሴት ከኋላዋ ቤቷና ጓሮዋ ካልታዩ ፎቶው የትም የተነሳ ሊሆን ይችላል።

ተረት 4፦ ከላይና ከታች ጥቁር መስመር ከገባ አበቃ።

እውነታ፦ መስመሩ ፎቶውን ይቆርጠዋል እንጂ ምንም አይጨምርለትም። ሰፊ ፍሬም የሚያምረው የሚሞላው ነገር ሲኖር ነው፤ ለምሳሌ በረጅሙ የተዘረጋ የማስጫ አልጋ፣ አንድ ዳር ላይ ያጎነበሰች ለቃሚ፣ በምታይበት አቅጣጫ ሰፊ ባዶ ቦታ። የቱቱ ፈላን ትክል ድንጋዮች በዚሁ ፍሬም ለማንሳት የሞከረ ግን አናታቸውን ይቆርጣል። ለቆመ ነገር ስልኩንም ማቆም ነው።

ተረት 5፦ ብርቱካናማና ሰማያዊ ፊልተር የሲኒማ ቀለም ነው።

እውነታ፦ የፊልም ቀለም የሚጀምረው ከልብሱና ከግድግዳው ነው። ጄሲካ በሽር በሐረር አካባቢ ስለ ጫት የሠራችውን «ፋያ ዳዪ»ን (እ.ኤ.አ. 2021) ጥቁርና ነጭ ያደረገችው ለመላው ፊልም አስባበት ነው። ይርጋጨፌ ላይ ደግሞ ቀለም መረጃ ነው። ለቃሚ የበሰለውን ከጥሬው የሚለየው በመልኩ ነው፤ ሁሉን ወደ ብርቱካናማ የሚጎትት ፊልተር ጮርቃውንና ቀዩን አንድ ያደርጋቸዋል። ቡናውን ለገዢ የሚያሳይ ሰው እንዲህ ያለ ፎቶ ቢልክ ራሱን ነው የሚጎዳው።

ፊልተር መጠቀም ነውር አይደለም፤ የመጨረሻ ሥራ ይሁን እንጂ። መጀመሪያ ብርሃኑን ይፈልጉ፣ ቀጥሎ ቦታ ይምረጡ። ከሁለቱም በፊት ግን የሚነሳውን ሰው ያስፈቅዱ፤ ማስጫው ላይ ያጎነበሱት እናቶች ሥራ ላይ ናቸው። እምቢ ካሉም ስልኩን ኪስ መክተት ነው።