መኪና ሲወርድ ሞላው ምን ይሆናል?

መኪናችሁን ዝቅ ማድረግ አማራችሁ እንበል። «ሞላውን ሁለት ዙር ቆርጦ መገላገል ነው» የሚላችሁ አይጠፋም። ቆይ፣ መጀመሪያ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ።

ዝቅ ያለ መኪና ኩርባ ላይ ብዙም አይጋደልም፤ የክብደት ማዕከሉ ወደ መሬት ቀርቧላ። ትርፉ ግን የሚወራለትን ያህል አይደለም። ማዕከሉ ከመሬት 55 ሳንቲ ሜትር ቢርቅና 4 ሳንቲ ሜትር ብታወርዱት፣ ስትታጠፉ ከውስጠኛው ጎማ ወደ ውጪኛው የሚዛወረው ጭነት የሚቀንሰው በ7 በመቶ ገደማ ነው።

ኪሳራውስ? ሞላው ለመታመቅ 8 ሳንቲ ሜትር ቦታ ከነበረው አሁን የቀረው 4 ነው። ሞላ የሚውጠው ጉልበት ደግሞ ከሚታመቅበት ርቀት ካሬ ጋር ነው የሚያድገው። ስለዚህ በግማሽ ቦታ ያንኑ ጉድጓድ ለመቻል 4 እጥፍ የጠነከረ ሞላ ይፈልጋል! 8 ዙር ካለው ሞላ ሁለቱን ብትቆርጡ ግን የሚጠነክረው በሲሶ ብቻ ነው። የተረፈው ምት ጫፍ ላይ ያለውን ላስቲክ መትቶ ወገባችሁ ላይ ያርፋል።

አሞርዛተሩም የተለካው ለፋብሪካው ሞላ ስለሆነ ጠንካራውን በቅጡ አያረጋጋውም፤ ጉብታውን ካለፋችሁ በኋላም መኪናው ይነጥራል።

እኔን ከጠየቃችሁ፣ ለአስፋልት ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር የሚያወርድ አጭር ሞላ ከነሚስማማው አሞርዛተር ይበቃል። ለኮረኮንች ባትነኩት ይሻላል። ካወረዳችሁ በኋላ አላይመንት አሠሩ፤ የጎማው አቋም ስለሚቀየር ብዙ ጊዜ የውስጥ ጠርዙ ቀድሞ ያልቃል።