ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ መቼ ወደ ሜዳ ይመለስ?

ገና ሲመጣ በአንኮበርና በደብረ ብርሃን ዙሪያ ባሉ ገጠሮች ጎረምሳው ቆልማማ ዱላውን ይዞ ጥንጓን ያሳድዳል። በዕለቱ ጌታና ሎሌ አይለይም፤ የተመታም አይቆጣም። ደስ የሚል ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ምቱ ያረፈው ራስ ላይ ከሆነ፣ አለመቆጣት አንድ ነገር፣ ተነሥቶ መጫወት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ብዙ ወላጆች ደም ካላዩ «ምንም አልሆነም» ይላሉ።

አንጎላችን በራስ ቅል ውስጥ በፈሳሽ ተከቦ የተቀመጠ ነው። ጭንቅላት በኃይል ሲመታ አንጎል ይንገጫገጭና ሥራው ለጊዜው ይዛባል። ሐኪሞች ይህን የአንጎል መናወጥ ወይም ኮንከሽን ይሉታል። አብዛኞቹ ተጎጂዎች ራሳቸውን አይስቱም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ መደናገር፣ ብርሃን መጥላትና መርሳት ምልክቶቹ ናቸው። መናወጡ በሲቲ ስካን አይታይም፤ ምርመራው የሚያስፈልገው ስብራት ወይም ደም መፍሰስ ሲጠረጠር ነው።

በአሜሪካ ብቻ በስፖርትና በመዝናኛ ሳቢያ በየዓመቱ ከ1.6 እስከ 3.8 ሚሊዮን የአንጎል ጉዳት እንደሚደርስ እ.ኤ.አ. በ2006 ተገምቷል። በእግር ኳስ ቁጥሩ ከራግቢ ያነሰ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ሁለት ተጫዋቾች ለአንድ ኳስ ዘለው በጭንቅላት ወይም በክርን ሲጋጩ ነው። ሴት ልጅዎ ኳስ የምትጫወት ከሆነም ልብ ይበሉ፤ በተመሳሳይ ጨዋታ ሴቶች ከወንዶች ይልቅ ለዚህ ጉዳት ይጋለጣሉ።

እ.ኤ.አ. የ2014ቱን የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የተመለከቱ ጀርመናዊውን ክሪስቶፍ ክራመርን ያስታውሱት ይሆናል። በ17ኛው ደቂቃ ከአርጀንቲናው ጋራይ ትከሻ ጋር ተጋጭቶ ወደቀ፤ ተነሥቶም መጫወቱን ቀጠለ። ኋላ ዳኛውን «ይህ የፍጻሜው ጨዋታ ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀ! የወጣው በ31ኛው ደቂቃ ነው። ያ ሁሉ ሐኪም ባለበት ሜዳ ይህን ያህል ከቆየ፣ ሐኪም በሌለበት የቀበሌ ሜዳ ልጃችን ስንት ይቆይ ይሆን?

ከአዋቂ ስፖርተኞች አብዛኞቹ በ2 ሳምንት፣ ልጆችና ወጣቶች በ4 ሳምንት ውስጥ ያገግማሉ። ወራት የሚፈጅባቸውም አሉ። በተመታበት ዕለት ግን ማንም ወደ ጨዋታ መመለስ የለበትም። ሳይድን ዳግመኛ ከተመታ ሕመሙ ይረዝማል፤ አልፎ አልፎም በወጣቶች ላይ አንጎል አብጦ ለሞት ያደርሳል።

የመጀመሪያዎቹን ከ24 እስከ 48 ሰዓታት ይረፍ፤ ስልክና ቴሌቪዥን ይቀንስ። ቀናትን በጨለማ ክፍል ማስተኛት የቆየ ምክር ነው፤ ዛሬ አይደገፍም። ቀስ ብሎ መራመድ ይችላል። ለራስ ምታቱ ፓራሲታሞል ይበቃል፤ አስፕሪን አይስጡት። ከዚያም ትምህርት፣ ሩጫ፣ ያለ ግጭት ልምምድ እያለ፣ ለእያንዳንዱ ደረጃ ቢያንስ አንድ ቀን እየሰጠ ይቀጥል። ሕመሙ ካገረሸ ወደ ኋላ ይመለስ። ግጭት ወዳለበት ጨዋታ የሚገባው ትምህርቱን በሙሉ ከጀመረና የጤና ባለሙያ ካየው በኋላ ነው።

ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ ከባሰ፣ ለመንቃት ካስቸገረ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከአፍንጫውና ከጆሮው ፈሳሽ ከወጣ አይጠብቁ። ከአንኮበር ደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሳይመሽ ይነሡ።

በገጠር ደግሞ ዕረፍት ማለት ኳስ መተው ብቻ አይደለም። ፈረስ መጋለቡ፣ ዛፍ መውጣቱና በገደል አፋፍ ከብት ማገዱም እስኪሻለው ድረስ ለሌላ ሰው ይሰጥ።