አይሮፕላን ከደረሰ በኋላ ስለምን ሳያርፍ ይቈያል?

የነጂዎችና የበረራ ተቈጣጣሪዎች ቅሬታ፤ ለነጋዴውም ያለው ትርጕም

በአይሮፕላን ዕቃ የሚያስመጣ ወይም የሚልክ ነጋዴ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ አለ፤ ይኸውም «አይሮፕላኑ በሰዓቱ ደርሶ ነበር፤ ነገር ግን እንዲያርፍ አልተፈቀደለትም» የሚል ነው። ይህን የሚሰማ ሰው ጥፋቱን አንድ ጊዜ በአይሮፕላን ኩባንያው፣ አንድ ጊዜ በማረፊያው ሠራተኞች ላይ ይጥላል። ነጂውም በበኩሉ ከምድር ሆኖ በሬዲዮ በሚመራው ተቈጣጣሪ ያማርራል፤ ተቈጣጣሪውም መመሪያውን ወዲያው በማይቀበለው ነጂ ያዝናል። የክርክሩ ሥር የት እንደ ሆነ መርምሮ ማወቅ ለነጋዴው የሚጠቅም ነገር ነው፤ በሰማይ ላይ የሚባክነው ደቂቃና ነዳጅ ዞሮ ዞሮ የሚከፈለው ከጭነት ኪራይና ከዕቃው ዋጋ ነውና። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የወረፋው ሥርዐት

የአንድ ትልቅ ከተማ የአይሮፕላን ማረፊያ ሕንፃው የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን፣ አይሮፕላኖቹ የሚወርዱበትና የሚነሡበት መንደርደሪያ ግን ጥቂት ነው። የሎንዶን ሂትሮው ያሉት መንደርደሪያዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አብዛኛውንም ጊዜ አንደኛው ለሚያርፉት፣ ሁለተኛው ለሚነሡት ይሰጣል። በእነዚህ በሁለቱ ላይ የሚደረገው መነሣትና ማረፍ በዓመት ከ480,000 እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ይህም ለቀን ሲካፈል ከ1,300 በላይ ይሆናል። ማረፊያው ዘወትር ከወሰኑ አጠገብ ስለሚሠራ፣ ትንሽ ጉም ወይም ብርቱ ነፋስ በመጣ ጊዜ የቀኑ ፕሮግራም ሁሉ ይናጋል።

አይሮፕላኖች እንደ መኪና ተጠጋግተው ሊከታተሉ አይችሉም። በማረፊያ አቅራቢያ በራዳር የሚመሩ አይሮፕላኖች እንደ ልማዱ ቢያንስ በ3 የባሕር ማይል፣ ማለት በ5 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ይራራቃሉ። ከባድ አይሮፕላን ሲያልፍ ከክንፎቹ ጫፎች ብርቱ የአየር አዙሪት ትቶ ስለሚሄድ፣ በስተኋላው የሚመጣው ቀላል አይሮፕላን እንዳይገለበጥ እስከ 6 የባሕር ማይል ድረስ እንዲርቅ ይደረጋል። ነፋስ ከፊት ለፊት በበረታ ጊዜም ያው ርቀት ብዙ ደቂቃ ይፈጃል፤ በአንድ ሰዓት የሚያርፉትም ቍጥራቸው ይቀንሳል። ስለዚህ ሂትሮው ከ2015 ጀምሮ በእንዲህ ያለ ቀን የመራራቂያውን ልክ በርቀት ሳይሆን በጊዜ መለካት ጀምሯል።

ተራው ያልደረሰው አይሮፕላን በተወሰነለት ቦታ ላይ ይዞራል። ለሂትሮው የተመደቡት የመጠባበቂያ ቦታዎች አራት ናቸው፤ ስማቸውም ቦቪንግደን፣ ላምቦርን፣ ኦክሃምና ቢጊን ይባላል። በእያንዳንዱ ቦታ ላይ አይሮፕላኖቹ አንዱ ከሌላው በላይ በ1,000 ጫማ፣ ማለት በ300 ሜትር ያህል ተለያይተው እንደ ደረጃ ይደረደራሉ። የታችኛው ለማረፍ በተጠራ ጊዜ ሌሎቹ አንዳንድ ደረጃ ይወርዳሉ። አንዱ ዙር አራት ደቂቃ ያህል ይፈጃል።

ነጂው ስለምን ያማርራል?

የመጀመሪያው ቅሬታ ስለ ተራ ነው። ነጂው ሬዲዮውን ሲያዳምጥ፣ ከእርሱ በኋላ የመጣው ቀድሞ እንዲወርድ ሲታዘዝ ይሰማል። ተቈጣጣሪው ግን ከአራቱ ቦታዎች የሚጠራቸውን አይሮፕላኖች የሚመርጠው ክብደታቸውንም ጭምር እያየ ነው፤ ተመሳሳዮቹን አከታትሎ ቢያሳርፍ ባዶ የሚቀረው ርቀት ያንሳልና። ጭነት መኪና የሚያስጭን ነጋዴ ዕቃውን እንደ አመጣጡ ሳይሆን እንደ ክብደቱና እንደ ማራገፊያው ተራ እንደሚደረድር ያለ ነው። ለአንዱ በደል የሚመስለው አደራደር ለሁሉም ጊዜ ያተርፋል።

ሁለተኛው ቅሬታ ስለ ጊዜ ነው። ነጂው የሚቈይበትን ደቂቃ ቍርጡን ካወቀ፣ ያለውን ነዳጅ አስልቶ ለመጠበቅ ወይም ወደ ሌላ ማረፊያ ለመሄድ ሊወስን ይችላል። «ጥቂት ይጠብቁ» የሚለው ቃል ግን ለሒሳብ አይመችም። ሦስተኛው ቅሬታ ስለ ንግግር ነው፤ እንደ ኒው ዮርኩ ኬኔዲ ባለ ማረፊያ ትእዛዙ በጥድፊያ ስለሚነገር፣ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ላልሆነ ነጂ ቃሉን አጣርቶ መያዝ አድካሚ ነው።

በሌላው ወገን ሲታይ፣ ተቈጣጣሪው በራዳሩ መስታወት ላይ የአይሮፕላኑን መለያ፣ ከፍታና ፍጥነት ያያል፤ በጋኑ ውስጥ የቀረውን ነዳጅ ግን አያይም። በአንድ የሬዲዮ መስመር ብዙ አይሮፕላኖችን ያነጋግራል፤ ሁለት ሰዎች ባንድ ጊዜ ቢናገሩ ደግሞ የሁለቱም ቃል ይጠፋል። የሥራውም ክብደት የታወቀ ነው። በኦገስት 1981 በአሜሪካ ተቈጣጣሪዎች የደመወዝና የሥራ ሰዓት ጥያቄ አንሥተው ሥራ ባቆሙ ጊዜ፣ ፕሬዚደንት ሬገን ከ11,000 በላይ የሚሆኑትን አሰናበቱ፤ በእነርሱም ፈንታ የሰለጠነ ሰው ለመተካት ዓመታት ፈጀ። በኤፕሪል 2025 ደግሞ የኒውዋርክን በረራዎች በሚመራው ክፍል ራዳሩና ሬዲዮው ለ90 ሴኮንድ ያህል ተቋርጦ ነበር፤ ከተቈጣጣሪዎቹም አንዳንዶቹ ከድንጋጤው የተነሣ የሕመም ፈቃድ ወሰዱ።

እንግዲህ ነጂው የራሱን አይሮፕላን ሁኔታ ጠንቅቆ ያውቃል፤ የሌሎቹን ግን አያውቅም። ተቈጣጣሪው የሁሉንም አደራደር ያያል፤ የእያንዳንዱን ችግር ግን ካልነገሩት አያውቅም። ሁለቱን ግማሽ ዕውቀቶች የሚያገናኝ የሬዲዮ ቃል ብቻ ነው። ቃሉ በደበዘዘ ጊዜ የሚደርሰውን ነገር ሦስት ታሪኮች ያስረዳሉ።

ሦስት ታሪኮች

በሳን ፍራንሲስኮ ሁለቱ ተጓዳኝ መንደርደሪያዎች ከመካከል እስከ መካከል የሚራራቁት በ750 ጫማ፣ ማለት በ229 ሜትር ብቻ ነው። በ2023 በነበረው አሠራር፣ አየሩ በጠራ ጊዜ ነጂዎቹ እርስ በርሳቸው እየተያዩ ጐን ለጐን ይወርዱ ነበር፤ በዚህም ብዙ አይሮፕላን ይስተናገዳል። በኦክቶበር 2023 ከሙኒክ የመጣ የሉፍታንዛ አይሮፕላን በሌሊት ደረሰ። የኩባንያው ደንብ በሌሊት በዐይን ተያይቶ መራራቅን ስለማይፈቅድ፣ ነጂው በመሣሪያ እየተመራ ለማረፍ ጠየቀ። ተቈጣጣሪው ለዚህ የሚበቃ ክፍተት ከሰልፉ መካከል ማውጣት ነበረበትና እንዲጠብቅ ነገረው። የተባለው ጊዜ ባለፈ ጊዜ ነጂው አጥብቆ ጠየቀ፤ ንግግሩም ከረረ፤ በመጨረሻ አይሮፕላኑ ወደ ኦክላንድ ሄዶ አረፈ። ሁለቱም የየራሳቸውን ደንብ ጠብቀዋል። ጉዳት የደረሰበትም ሰው የለም፤ ይሁን እንጂ መንገደኛውም ጭነቱም ከታሰበለት ቦታ ሌላ ዘንድ ወረደ።

ሁለተኛው ታሪክ የሚያሳዝን ነው። በ25 ጃንዋሪ 1990 የኮሎምቢያው አቪያንካ ኩባንያ ቦይንግ 707 አይሮፕላን ወደ ኬኔዲ ማረፊያ ሲመጣ፣ በአየሩ ክፋትና በወረፋው ብዛት ምክንያት በሦስት ቦታዎች በድምሩ 1 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ያህል እንዲዞር ተደረገ። ረዳት ነጂው ቅድሚያ እንዲሰጣቸው ጠየቀ፤ ነዳጃቸውም እያለቀ መሆኑን ተናገረ፤ ነገር ግን የአደጋ ጥሪ መሆኑን የሚያስረዳውን ቃል በሬዲዮ አላሰማም። ተቈጣጣሪዎቹ ነዳጅ አነሰኝ የሚል ነጂ ዘወትር ስለሚሰሙ፣ ነገሩ የሞትና የሕይወት መሆኑን አልተረዱም። አይሮፕላኑ አንድ ጊዜ ለማረፍ ሞክሮ አልሆነለትም፤ እንደገና ሲዞር ሞተሮቹ ነዳጅ አጥተው ጠፉ፤ ሎንግ አይላንድ ላይ ኮቭ ኔክ በተባለው ስፍራም ወደቀ። ከነበሩት 158 ሰዎች 73ቱ ሞቱ። መርማሪዎቹ ዋናውን ምክንያት የነዳጁ ችግር በግልጽ አለመነገሩ ነው ብለው፣ የወረፋው አመራር ጉድለትና ለእንዲህ ያለው ችግር ሁሉ የተስማማበት ቃል አለመኖሩም እንዳገዘው ጻፉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ያገራችን ተረት በዚህ ላይ በእውነት ይሠራል።

ሦስተኛው በካናሪ ደሴቶች በቴኔሪፌ በ27 ማርች 1977 የደረሰው ነው። በአጠገቡ ባለው በግራን ካናሪያ ማረፊያ ቦምብ በመፈንዳቱ ብዙ ትልልቅ አይሮፕላኖች ወደ ትንሹ ወደ ሎስ ሮዴኦስ ተላኩ፤ ስፍራውም ተጨናነቀ። የሆላንዱ ኬ.ኤል.ኤም. ነጂ ለሠራተኞች የተፈቀደው የሥራ ሰዓት እያለቀበት፣ ጉሙም እየወፈረ ሄደ። ከተነሣ በኋላ የሚሄድበት መንገድ በሬዲዮ ሲነገረው፣ በቃሉ ውስጥ «መነሣት» የሚል ነበረበትና የመነሣት ፈቃድ ሳይሰጠው አይሮፕላኑን ማንደርደር ጀመረ። ከአይሮፕላኑ የተላከው መልእክት ተቈጣጣሪውን ለመነሣት ተዘጋጅተው የቆሙ አስመሰለው። እንዲጠብቁ የነገራቸውም ቃል፣ በዚያው ቅጽበት የፓን አሜሪካን ነጂዎች በመናገራቸው በፉጨት ድምፅ ተሸፈነ። ሁለቱ ቦይንግ 747 አይሮፕላኖች በመንደርደሪያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ።

የተደረገው ማሻሻያ

ከቴኔሪፌ በኋላ «መነሣት» የሚለው ቃል የመነሣት ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ እንዲነገር ተደነገገ፤ በሌላው ጊዜ ሁሉ በእንግሊዝኛው ሌላ ቃል ይነገራል። ነጂውም የተቀበለውን ዋና ዋና ትእዛዝ ደግሞ ለተቈጣጣሪው እንዲያሰማ ተጠበቀ። ስለ ነዳጅም የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በ2012 ሁለት ቃሎችን ለይቶ አጸና። «ሚኒመም ፊውል» ማለት ከዚህ በኋላ ተጨማሪ መዘግየት ቢመጣ የመጨረሻው መጠባበቂያ ሊነካ ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ እንጂ ቅድሚያ መጠየቂያ አይደለም። «ሜይዴይ ፊውል» ማለት ግን የታወቀ የአደጋ ጥሪ ነው፤ ይህን የሰማ ተቈጣጣሪ ሌላውን ሁሉ ወደ ጐን አድርጎ መንገዱን ይከፍታል። ቀደም ሲል በነጂው ትሕትናና በተቈጣጣሪው ግምት ላይ ተጥሎ የነበረው ነገር ትርጕሙ በታወቀ ቃል ተወሰነ።

ይሁንና ቃሉ ቢጠራም መንደርደሪያው አይጨምርም፤ ወረፋውም አይቀርም። ቅሬታውን የሚያቃልለው ተቈጣጣሪው የሚያስቈየውን ጊዜ ቈርጦ ሲናገር፣ ነጂውም የማይቻለውን ነገር አስቀድሞ ሲያሳውቅ ነው።

ለነጋዴው የሚጠቅመው

አንደኛ፤ በመድረሻው ብዙ መጠበቅ እንደሚኖር የሚያውቅ ነጂ ከመነሻው ትርፍ ነዳጅ ይጭናል። የአዲስ አበባው ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ፣ በስስ አየር የሚነሣ አይሮፕላን ክብደቱ ይወሰንበታል። ክብደቱ ከወሰኑ በደረሰ ጊዜ፣ ለመጠባበቂያ የተጨመረው እያንዳንዱ ኪሎ ነዳጅ አንድ ኪሎ አበባ ወይም ሥጋ ያስቀራል። ስለዚህ ላኪው ለአውሮፓ ገበያ ማረፊያ ሲመርጥ፣ የኪራዩን ልክ ብቻ ሳይሆን የማረፊያውን መጨናነቅና አይሮፕላኑ የሚደርስበትን ሰዓት ጭምር ከአጓጓዡ ጠይቆ ቢረዳ ይበጀዋል።

ሁለተኛ፤ በ1999 በሞንትሪያል የተፈረመው ስምምነት አንቀጽ 19 አጓጓዡን በመዘግየት ለደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ያደርገዋል፤ ነገር ግን የሚገባውን ጥንቃቄ ሁሉ ማድረጉን ወይም ማድረግ ያልተቻለው መሆኑን ካስረዳ ነጻ ይሆናል። በተቈጣጣሪ ትእዛዝ የመጣ መዘግየት ብዙ ጊዜ ከዚህ ወገን ይገባል። አቤቱታ ያለው ነጋዴም ዕቃው ለርክክብ ከቀረበለት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማቅረብ አለበት።

ሦስተኛ፤ በዓለም በሰፊው የሚሠራበት የሎንዶን የጭነት ኢንሹራንስ ውል ከመዘግየት የተነሣ የሚደርሰውን ጉዳት አይሸፍንም። ስለዚህ የሚበላሽ ዕቃ የሚልክ ነጋዴ ኢንሹራንስ አለኝ ብሎ ሳይዘናጋ፣ ውሉን አስቀድሞ ቢያነብብ መልካም ነው።

አራተኛ፤ ከደንበኛ ጋር በሚደረግ ውል የርክክቡን ሰዓት አይሮፕላኑ ያርፋል ከተባለበት ደቂቃ ጋር አጥብቆ ማሰር አይገባም። ዕቃው ከአንድ አይሮፕላን ወደ ሌላ የሚዛወር ሲሆንም በሁለቱ መካከል በቂ ጊዜ መተው ያስፈልጋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደ ተባለ፣ በጥድፊያ የተቀዳጀ ግማሽ ሰዓት ሁለተኛውን አይሮፕላን ያሳልፋል፤ ዕቃውም በሰው አገር መጋዘን ያድራል።