ጓሳን በእግር

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ጣርማበር ሲደረስ ወደ ግራ የሚገነጠል መንገድ አለ። የስምጥ ሸለቆውን ምዕራባዊ ጠርዝ ተከትሎ ወደ መሐል ሜዳ ያመራል። ከከተማዋ ሳይደረስ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የሣር ምድር ይገኛል። የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ይህ ነው። በምሥራቅ በኩል የሚወርዱት ጅረቶች ወደ አዋሽ፣ በምዕራብ በኩል የሚወርዱት ደግሞ ወደ ዓባይ ይገባሉ።

በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር አሥራ ሁለት ሆነን ይህን ሜዳ በእግር ለማየት ተነሣን። አብዛኞቻችን ያደግነው በአዲስ አበባ ስለነበር ደጋ አያስደነግጠንም ብለን ነበር። የመጀመሪያው አቀበት ግን ወዲያው አስተማረን። በ3,400 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅን በዚያው መጠን ያንሳል። ከመካከላችን አንዱ ከሸዋ ሮቢት ቆላ የመጣ ነበርና ራሱን ያመው ጀመር። በቡድን የሚሄድ ሰው እርምጃውን በደካማው ልክ ማድረግ ይገባዋል የሚባለው ለጨዋነት ብቻ አይደለም። የከፍታ ሕመም ሲጀምር መድኃኒቱ መቆምና ማረፍ፣ ካልተሻለም መውረድ ነው። ምሽት ላይ የጣድነው የባቄላ ንፍሮም አልበስል ብሎ አስቸገረን፤ በዚያ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ89 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነውና! ሌሊቱ ሜዳውን በውርጭ ሲያለብሰው የመንዝ ሰው በርኖስ ለምን እንደሚደርብ ማንም ሊያስረዳን አላስፈለገም። ጅብራውም ቢሆን ቅጠሎቹን አጥፎ ለጋ እምቡጡን ከውርጩ ሸሽጎ ያድራል።

በማግስቱ ጠዋት የጭላዳ ዝንጀሮዎች ከሚያድሩበት ገደል ወጥተው በሜዳው ላይ ተበተኑ። ጭላዳ በዋነኛነት በሣር የሚኖር፣ በዓለም ላይ የቀረ ብቸኛ የዝንጀሮ ዘር ነው። በመካከላቸው አንድ ቀይ ቀበሮ በዝግታ ይራመድ ነበር። ዝንጀሮዎቹ ውሻ ሲያዩ ወደ ገደል ይሸሻሉ፤ ከዚህ ቀበሮ ግን አልሸሹም። እርሱም ግልገሎቻቸውን አልነካም። ይህ እንግዳ ጉርብትና በጓሳ ለዓመታት ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት መሠረት፣ ቀበሮው በጭላዳዎች መካከል ሆኖ አይጥ ለመያዝ ካደረጋቸው ሙከራዎች 67 በመቶ ያህሉ ሲሳኩለት፣ ብቻውን ሲያድን ግን የተሳካለት 25 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ምናልባት የመንጋው እንቅስቃሴ አይጦቹን ከጉድጓዳቸው ያስወጣቸው ይሆናል፤ ወይም ቀበሮው በመንጋው ተከልሎ ሳይታይ ይቀርባቸው ይሆናል።

እኛም ይህን ለማየት ጓጉተን ቀረብን። አንዱ ፎቶግራፍ ለማንሳት ሮጠ፣ ሁለቱ ተከተሉት፣ ሌሎቻችን ጮኽንባቸው። ጭላዳዎቹ ወደ ጠርዙ ሸሹ፤ ቀበሮውም ጆሮውን ቀስሮ ለጥቂት ጊዜ ካየን በኋላ ሄደ። የአንድ እንስሳ ቁርስ አበላሸን። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በመላው ዓለም የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ሁሉም በአገራችን ተራሮች ላይ ናቸው። ከዚያ በኋላ በአንድ ረድፍ፣ በዝምታ፣ ከመንጋው ርቀን እንድንሄድ ተስማማን። አንድ ጓደኛችን ውሻውን ይዞ ለመምጣት አስቦ የነበረ ሲሆን፣ በመከልከላችን ዛሬም ደስ ይለኛል፤ ከውሾች የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮዎችን ደጋግሞ ፈጅቷል።

ይህ ሜዳ እስካሁን ሳይታረስ የቆየው ሰው ስላልደረሰበት አይደለም። ጓሳ የሥፍራው ስም ብቻ ሳይሆን የሣሩም ስም ነው፤ የመንዝ ሰው በዚህ ሣር ቤቱን ይከድናል፣ ገመድ ይገምዳል። የአስቦና የጌራ ዘሮች ሜዳውን ያስተዳድሩ የነበረው ቀሮ በተባለ ሥርዓት ነው። ተወካዮቻቸውን መርጠው ሣሩን ከ3 እስከ 5 ዓመት ይከልሉታል፤ ሲደርስ በበጋ ከፍተው ያጭዱታል፣ ከብትም ያስገባሉ፤ ከዚያ መልሰው ይዘጉታል። ከአንድ የሥነ ምህዳር ተማሪ ዓይን ሲታይ፣ ይህ ቀስ ብሎ የሚያድገው የደጋ ሣር ሥሩን እንዲያጠነክርና ዘር እንዲጥል ጊዜ መስጠት ነው። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የርስትን ሥርዓት ሲሽር ቀሮም አብሮ ፈረሰ። ጭሰኛውን ነጻ ያወጣው አዋጅ ሣሩን ያለ ጠባቂ ማስቀረቱ ብዙ ጊዜ የማይነገር ታሪክ ነው። በኋላ ነዋሪዎቹ በኮሚቴ ተደራጅተው ጥበቃውን እንደገና ጀመሩ፤ የአማራ ክልልም እ.ኤ.አ. በ2012 ሥፍራውን በደንብ አጸናላቸው።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት እንዲህ ያለ ጉዞ የሚያስብ ቡድን አስቀድሞ ስለ መንገዱ ደህንነት ከአካባቢው ሰዎች ማጣራት አለበት። እኛ በሄድንበት ዘመን ያገደን ነገር ሌላ ነበር። በመጨረሻው ቀን ረጅም ሣር ወደለበሰ አንድ ኮረብታ ስናቀና፣ በርኖስ የደረቡ ሽማግሌ ጥበቃ ዱላቸውን አንሥተው አስቆሙን።

«ልጆቼ፣ ይኸ ተከልሏል» አሉን።

«አባባ፣ ሣሩን አንነካም እኮ፣ በእግራችን ብቻ ነው» አልናቸው።

«ከብቱም የሚገባው በእግሩ ነው» አሉና ሳቁ።

ዞረን በመጣንበት የእግር መንገድ ተመለስን።